ከባድ ቃል ማወቅና በቃሉ መጠቀም

እንግሊዝኛ በአገራችን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፏል። ስለዚህ በተማሪዎቻችንና በወጣት የመንግሥት ሠራተኞቻችን ልብ ውስጥ ከባድ ከባድ የእንግሊዝኛ ቃላትን የማወቅ ፍቅር ቢያድር የሚያስደንቅ ነገር አይደለም፤ ፍቅሩም የሚመሰገን እንጂ የሚነቀፍ አይደለም። አንዱ በደብተሩ ላይ በቀን ሃያ ሃያ ቃል እየጻፈ፥ እንግሊዝኛውን በግራ አማርኛውን በቀኝ አሰልፎ እንደ ዳዊት ይደግማል። ሌላው መዝገበ ቃላት ከፍቶ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ ቁልቁል ይወርዳል። ሦስተኛው ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ሲጨዋወት ማንም ያልሰማውን ቃል ጣል ያደርግና የሰሚዎቹን ፊት ይመለከታል።

ይሁን እንጂ የዚህ ሁሉ ትጋት ፍሬ ብዙ ጊዜ ከድካሙ ያነሰ ሆኖ ይገኛል። ተማሪው ሦስት መቶ ቃል በቃሉ ይዞ ፈተና ላይ ሲቀመጥ አንዱን እንኳ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ለማግባት እጁ ይታሰራል። ወጣቱ ሠራተኛም ለውጭ አገር ድርጅት ደብዳቤ ሲጽፍ ያጠናውን ከባድ ቃል ካልሆነ ቦታ ይሰነቅረውና ያመሰገነ መስሎት ይሳደባል፤ የፈቀደ መስሎት ይከለክላል። ነገሩን ስንመረምረው ጥፋቱ የስንፍና ሳይሆን የአጠናን ሆኖ እናገኘዋለን። የቃልን ትርጉም ማወቅና የቃልን አገባብ ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። ዛሬ በዚህ ገጽ ላይ ልንነጋገርበት ያሰብነውም ይኸው ነው። የውጭውን አገር ነገር በምንጠቅስበት ጊዜ ዓመቱን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

በቅድሚያ ከገዛ ቤታችን እንነሣ። አንድ የውጭ አገር ሰው አማርኛ እየተማረ ነው እንበል። «መሥራት» የሚለውን ቃል ካወቀ በኋላ ጠላም፥ ጠጅም፥ እንጀራም፥ ቡናም «ሠራሁ» ቢል ማን ይከለክለዋል? ትርጉሙ አልጠፋም። እኛ ግን እንስቃለን፤ ምክንያቱም በእኛ ቋንቋ ጠላ ይጠመቃል፥ ጠጅ ይጣላል፥ እንጀራ ይጋገራል፥ ዳቦ ይደፋል፥ ቡና ይፈላል፥ ወጥ ብቻ ይሠራል። ይህን ማንም በመዝገብ ጽፎ አላስጠናንም፤ ከእናቶቻችን ጓዳ ከነሽታው ተማርነው እንጂ። እንግዲህ እያንዳንዱ ቃል የራሱ ጓደኛ አለው፤ ከጓደኛው የለየነው እንደ ሆነ ትርጉሙ እያለ ለዛው ይጠፋል።

እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው። በእኛ ቋንቋ ዝናቡም ነፋሱም «ኃይለኛ» ይባላል። እንግሊዞች ግን ዝናቡን «ሄቪ» ይሉታል፥ ነፋሱን «ስትሮንግ» ይሉታል፤ ሻይም ቢጠቁር «ስትሮንግ» እንጂ «ሄቪ» አይባልም። «ሜክ»ና «ዱ» በአማርኛ ሁለቱም «ማድረግ» ናቸው፤ ሆኖም ስሕተት «ሜክ» ይደረጋል፥ የቤት ሥራ «ዱ» ይደረጋል። «ኮሚት» የሚለውን ግሥ «መፈጸም» ብሎ ብቻ ያጠና ተማሪ ደግሞ አንድ ቀን «መልካም ሥራ ኮሚት አደረገ» ብሎ መጻፉ አይቀርም። ቃሉ በዚህ አገባቡ የወንጀልና የኃጢአት ባልደረባ መሆኑን ማንም አልነገረውምና። እንግሊዛዊው የቋንቋ ሊቅ ጆን ሩፐርት ፈርዝ በ1950ዎቹ ዓመታት ቃልን ከጎረቤቶቹ ነጥሎ ማጥናት ትርጉሙን እንደሚያጎድል ሲያስተምር የነበረው ስለዚህ ነው።

ከጓደኛው ሌላ ቃል ጠባይም አለው። በአማርኛ «ሞተ» እና «አረፈ» አንድ ነገር ይናገራሉ፤ ነገር ግን ለቅሶ ቤት ገብቶ ስለ አባወራው «ሞቱ አሉ» የሚልና «አረፉ አሉ» የሚል በአንድ ዐይን አይታዩም። በእንግሊዝኛም ልጅ መሰል ለሆነ ሰው ሁለት ቃል አለ። «ቻይልድላይክ» ያሉት እንደ ሆነ የዋህና ንጹሕ ነው ማለት ነው፤ «ቻይልዲሽ» ያሉት እንደ ሆነ ግን ጎልምሶ ያልበሰለ ነው ማለት ነው። እንደዚሁም «ኖቶሪየስ» የሚለውን ቃል «ዝነኛ» ብሎ በደብተሩ የጻፈ ወጣት፥ የመሥሪያ ቤቱን አለቃ ለእንግዶች ሲያስተዋውቅ «ኖቶሪየስ የሆኑት አለቃችን» ቢል በክፉ ሥራ ስማቸው የታወቀ ብሎ መናገሩ ነው። «ፉልሰም» የተባለው ቃልም ሲሰሙት ሙሉ ምስጋናን የሚገልጥ ይመስላል፤ በብዙዎች አንባቢዎች ዘንድ ግን ከልክ ያለፈና ልብ የሚያቅለሸልሽ ውዳሴ ማለት ነው።

የዳኝነት ነገር ሲነሣ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ያሻል። «ዲስኢንተረስትድ» የተባለ ዳኛ ከሙግቱ ምንም ጥቅም የማይሻ፥ ለከሳሽም ለተከሳሽም የማያደላ፥ ማንም ሊዳኝበት የሚመኘው ሰው ነው። «አንኢንተረስትድ» የተባለው ግን ነገሩ ግድ የማይሰጠው፥ ምናልባትም በችሎት ላይ የሚያንቀላፋ ነው። ዛሬ የቋንቋው ባለቤቶች ራሳቸው ሁለቱን ሲያቀላቅሉ መሰማታቸው እውነት ነው፤ የሚጠነቀቅ ጸሐፊ ግን ይለያቸዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚያስቸግሩት አንድ ሆነው ሁለት ተቃራኒ ነገር የሚናገሩት ቃላት ናቸው። «ሳንክሽን» መፍቀድም ነው፥ መቅጣትም ነው። አንድ ወጣት ጸሐፊ «ቦርዱ ክፍያውን ሳንክሽን አደረገ» የሚል ደብዳቤ ደረሰው እንበል። በራዲዮና በጋዜጣ የሚሰማው በአገሮች ላይ የሚጣለውን ማዕቀብ ብቻ ስለ ሆነ «ክፍያው ታግዷል» ብሎ ቢተረጕመው ቦርዱ የፈቀደውን ገንዘብ እርሱ ከለከለው ማለት ነው፤ ደመወዙን የሚጠብቀው ሠራተኛም በአንድ ቃል ምክንያት ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይመለሳል። «ኦቨርሳይት» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው፤ በአንድ በኩል በላይ ሆኖ መቈጣጠር ማለት ሲሆን፥ በሌላ በኩል ሳያዩ ማለፍ፥ መዘንጋት ማለት ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ የሚነግረን ቃሉ ራሱ ሳይሆን በዙሪያው ያሉት ቃላት ናቸው።

እንዲህ ያለው ነገር የሚያደናግረው እኛን የውጭ ሰዎችን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዊንስተን ቸርችል ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጻፈው ታሪክ ውስጥ እንደሚተርከው፥ የእንግሊዝና የአሜሪካ የጦር መኮንኖች ተሰብስበው ሲመክሩ እንግሊዞቹ አንድ አስቸኳይ ጽሑፍ አዘጋጅተው «ቴብል» ይደረግልን አሉ። በእንግሊዞች አነጋገር ይህ ማለት አሁኑኑ ቀርቦ እንነጋገርበት ማለት ነው። በአሜሪካኖች ዘንድ ግን ጽሑፉ ይቆይ፥ ወደ መሳቢያ ይግባ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱም ወገን አንድ ነገር እየፈለጉ ረጅምና የመረረ ክርክር ካደረጉ በኋላ ነው አሳባቸው አንድ መሆኑን የተረዱት። የአንድ ቋንቋ ልጆች በአንድ ቃል እንደዚህ ከተከራከሩ እኛ ምን ያህል መጠንቀቅ ይገባን ይሆን?

የቃል አገባብ የመንግሥትን ዕድል እስከ መንካት እንደሚደርስ ደግሞ የገዛ ታሪካችን ይመሰክራል። በ1881 ዓ. ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል ዐሥራ ሰባተኛው አንቀጽ በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት ረዳትነት መላላክ ይቻላቸዋል የሚል ነበር፤ ይኸውም ቢሹ ይጠቀሙበታል፥ ባይሹ ይተዉታል ማለት ነው። በኢጣልያንኛው ግን በኢጣልያ በኩል ለመላላክ እንደ ተስማሙ ሆኖ ተጻፈ፤ ኢጣልያም ይህን እንደ ግዴታ ቈጥራ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ስትል ለአውሮፓ አስታወቀች። ዳግማዊ ምኒልክ በ1885 ዓ. ም. ውሉን አፈረሱ፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. በዓድዋ ተራሮች ላይ ተፈረደ። የጦርነቱ ምክንያት አንዲት ቃል ብቻ ናት ማለታችን አይደለም፤ ከቃሉ በስተጀርባ የቅኝ ግዛት ምኞት ነበረ። ይሁን እንጂ ምኞቱ የተሸሸገው በቃሉ ውስጥ ነበር።

ዛሬም ቢሆን «ይቻላል» እና «ግዴታ ነው» የሚሉት ሁለት ነገሮች በወጣት ሠራተኞቻችን ጠረጴዛ ላይ በየቀኑ ያልፋሉ። በእንግሊዝኛ የሕግ አጻጻፍ «ሜይ» ሥልጣን ወይም ፈቃድ ይሰጣል፤ «ሻል» አብዛኛውን ጊዜ ግዴታ ይጥላል። ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ. ም. መታተም ከጀመረ ወዲህ የአገራችን ሕግ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ሲወጣ ኖሯል፤ በ1987 ዓ. ም. የተቋቋመው የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣም ሁለቱ ሲለያዩ የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው አማርኛው መሆኑን ደንግጓል። እንግዲህ ከሁለቱ ዐምዶች አንዱን ለሌላው የሚተረጕም ሰው፥ እነዚህን ሁለት አጫጭር ቃላት ሳይለይ ዐሥር ረዣዥም ቃላትን ቢያውቅ ምን ይረባዋል? ከባድ ቃል ማለት ረጅም ቃል ማለት አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ደግሞ የእንግሊዝኛ ቃል ለምን እንደዚህ እንደ በዛ ጥቂት እንናገር። በ1066 ዓ. ም. የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም እንግሊዝን ድል አድርጎ በያዘ ጊዜ የቤተ መንግሥቱና የችሎቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ፤ ባላገሩ ግን በእንግሊዝኛው ጸና። ስለዚህም በበረት ያለችው ላም «ካው» ስትባል ሥጋዋ በገበታ ላይ «ቢፍ» ይባላል፤ በጉ «ሺፕ» ሲባል ሥጋው «መተን» ይባላል። በበረት የቀረው ስም የባላገሩ፥ በገበታ ላይ የቀረበው ስም ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ኋላም ሊቃውንቱ ከላቲንና ከግሪክ ብዙ ቃል አመጡ። ከዚህ የተነሣ አንድን ነገር በሦስት ደረጃ መናገር ተቻለ፤ «አስክ» ማንም ማንንም ሲጠይቅ፥ «ክዌስችን» ጥርጣሬ ሲገባበት፥ «ኢንተሮጌት» ፖሊስ ተጠርጣሪውን ሲመረምር ነው። ሦስቱንም «መጠየቅ» ብሎ ያጠና ተማሪ ታዲያ የመምህሩን ደግነት ሲገልጥ «በትሕትና ኢንተሮጌት አደረጉኝ» ቢል ማን ይፈርድበታል?

የቃላቱ ብዛት እንግሊዞቹን ራሳቸውን አስጨንቆ ነበር። በ1604 ሮበርት ካውድሬይ የተባለ መምህር ያወጣው የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት፥ 2,500 ያህል ከባድ ቃላትን ብቻ የሚያስረዳ ነበር። ከዚያ በኋላ በ1755 ሳሙኤል ጆንሰን ከ42,000 በላይ ቃላት የያዘውን ታላቅ መዝገብ አሳተመ። የኦክስፎርዱ መዝገበ ቃላት አሳብ ደግሞ በ1857 ተጠንስሶ የመጀመሪያው ክፍል በ1884 ታተመ፤ የመጨረሻው የወጣው በ1928 ነው። ብዙውን የደከመበት ጄምስ መሪ ፍጻሜውን ሳያይ በ1915 ዐረፈ። ከ400,000 በላይ ቃላትና ሐረጎች ያሉበትን ይህን መዝገብ በቃሉ የሚይዝ ሰው በምድር ላይ የለም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ ቁልቁል የሚወርደው ወጣት ወዳጃችን ከወዲሁ ቢያርፍ እንመክረዋለን።

ታዲያ የትኛውን እናጥና? ለዚህም መልስ የፈለጉ ሰዎች አሉ። በ1953 ማይክል ዌስት ለተማሪ እጅግ የሚያስፈልጉ 2,000 ያህል ቃላትን መርጦ በዝርዝር አሳተመ። በ2000 ደግሞ በኒውዚላንድ አቬሪል ኮክስሄድ በየትምህርቱ ዐይነት በሚጻፉ መጻሕፍት ውስጥ ተደጋግመው የሚገኙ 570 የቃል ቤተሰቦችን ለይታ አወጣች። የቃል ቤተሰብ ማለት ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። ተማሪ የሆነ ሰው በመጀመሪያ እነዚህን ከነአገባባቸው ቢይዝ፥ ማንም የማይጠቀምባቸውን አንድ ሺህ ብርቅ ቃላት ከሚሸከም ይልቅ መጽሐፉን በሰላም ያነባል።

ስለ ሥር ካነሣን ዘንድ፥ የእኛ ተማሪ ከሌላው የሚበልጥበት አንድ ነገር አለው። ጸሐፈ ከሚለው ሥር ጸሐፊ፥ ጽሕፈት፥ ጽሑፍ፥ መጽሐፍ ሲወጡ እያየ ያደገ ሰው የቃልን ዘር መቍጠር እንግዳ አይሆንበትም። ከዚህም በቀር ብዙዎቹ የግሪክ ቃላት ከቤተ ክርስቲያን ጋር ወደ አገራችን ገብተዋል። ኤጲስ ቆጶስ የምንለው ቃል «ኤጲ» በላይ፥ «ስኮፖስ» ተመልካች ከሚሉት የተገኘ ነው፤ ያው ሥር ሩቁን በሚያሳየው «ቴሌስኮፕ»ና ረቂቁን በሚያሳየው «ማይክሮስኮፕ» ውስጥ ይገኛል። ወንጌል መልካም የምሥራች ማለት ሲሆን በግሪኩ መነሻው ላይ ያለው «ኤው» መልካም ማለት ነው፤ ስለ ሞተ ሰው የሚነገረው የምስጋና ቃል በእንግሊዝኛ «ዩሎጂ» መባሉም ከዚሁ ነው። ሆኖም ሥር ይመራል እንጂ አያደርስም። «ኖቶሪየስ» በላቲን ሥሩ የታወቀ ማለት ብቻ ነው፤ ክፋቱ የመጣው በአነጋገር ነው። «ማኑፋክቸር»ም በሥሩ በእጅ መሥራት ማለት ሲሆን ዛሬ የሚነገረው በመኪና ለሚሠራው ነው።

እንግዲህ ወደ አጠናኑ እንመለስ። አንደኛ፥ መዝገበ ቃላቱ ምሳሌ የሚሰጥ ይሁን። አልበርት ሆርንቢ የተባለው እንግሊዛዊ በጃፓን አገር ሲያስተምር፥ ተማሪዎቹ ትርጉሙን እያወቁ ዐረፍተ ነገሩ እንደሚጠፋባቸው ተመልክቶ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ለውጭ ተማሪ የሚሆን መዝገበ ቃላት አዘጋጀ። መጽሐፉ በ1942 በቶኪዮ ታተመ፤ ኦክስፎርድም በ1948 መልሶ አተመው፤ ተማሪዎች ዛሬ ኦክስፎርድ አድቫንስድ ለርነርስ የሚሉት እርሱ ነው። ትርጉሙን ብቻ ሳይሆን ቃሉ ከማን ጋር እንደሚሄድ በምሳሌ ያሳያል። ጠጅ በብርሌ፥ ነገር በምሳሌ የሚለው ተረታችን እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ሁለተኛ፥ በደብተራችን ላይ የግራውንና የቀኙን ሰልፍ እንተወው። በእርሱ ፈንታ ቃሉን ያገኘንበትን ዐረፍተ ነገር እንዳለ እንጻፍ፤ ከሥሩም የቃሉን ጓደኞች፥ ጠባዩን፥ ይኸውም የምስጋና ወይም የነቀፋ፥ የጨዋታ ወይም የደብዳቤ መሆኑን እንጨምር። በቀን ሃያ ቃል መሆኑ ይቅርና አምስት ይሁን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፥ በአንድ ሌሊት የተዛቀው ሁሉ በማግሥቱ ይፈሳል። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ፊደላት በራሱ ላይ እየሞከረ አጥንቶ በ1885 እንዳሳተመው፥ ሰው ያጠናውን አብዛኛውን የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶችና ቀኖች ነው፤ ድግግሞሹም በአንድ ጊዜ ከሚከመር በቀኖች መካከል ቢከፋፈል ይበልጥ ይጸናል። ስለዚህ የዛሬውን ቃል በማግሥቱ፥ በሳምንቱና በወሩ እንደገና ማየት ነው።

ሦስተኛውንና ከሁሉ የሚበልጠውን ግን ከቅኔ ቤት ብንማረው ይሻላል። የቅኔ ተማሪ ግሡን በቃሉ ይይዛል፤ ነገር ግን ግሥ በማወቁ ብቻ ባለቅኔ አይባልም። ዕለት ዕለት ከደጅ ወጥቶ፥ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ማታም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የጐደለውን ይሞላለታል፥ የጠመመውን ያቀናለታል። በዚህ ሁኔታ ቃሉ ከመጽሐፉ ወጥቶ የተማሪው ገንዘብ ይሆናል። እኛም አዲስ ቃል ባገኘን ቁጥር የገዛ ራሳችንን ዐረፍተ ነገር ሠርተን ለመምህር ወይም ለሚያውቅ ጓደኛ ማሳየት ይገባናል። የታረመ አንድ ዐረፍተ ነገር ካልታረሙ መቶ ይበልጣል።

በመጨረሻም ለወጣት ሠራተኞች ልዩ ምክር አለን። የእንግሊዝ ገንዘብ ሚኒስቴር በአገሩ የመንግሥት ሠራተኞች ደብዳቤ ውስጥ የከባድ ቃል ብዛት ስላስቸገረ ሰር ኧርነስት ጋወርስን አንድ መምሪያ እንዲጽፍ ጠየቀው፤ እርሱም በ1948 «ፕሌን ወርድስ» የተባለውን፥ ማለት ግልጽ ቃላት የሚል ስም ያለውን መጽሐፍ አወጣ። አሳቡ ባጭሩ ደብዳቤ የሚጻፈው የጸሐፊው ዕውቀት እንዲደነቅ ሳይሆን ተቀባዩ ምን እንደሚደረግለት እንዲረዳ ነው የሚል ነው። እንግሊዞች በገዛ ቋንቋቸው ይህን ያህል ከተመካከሩ፥ በተውሶ ቋንቋ የምንጽፍ እኛማ ምን ያህል ልንመካከር ይገባናል!

ከባድ ቃል አትማሩ ማለታችን አይደለም። «ሳንክሽን»ን የማያውቅ ሰው የቦርዱን ደብዳቤ ሊያነብ አይችልም፤ «ዲስኢንተረስትድ»ን የማያውቅም በዚያ ቋንቋ መልካም ዳኛን በሚገባ ሊያመሰግን አይችልም። ከባዱን ቃል የምንማረው ሌላው የጻፈውን እንድንረዳና እርሱ ብቻ በሚሞላው ቦታ ላይ እንድናኖረው ነው፤ ትንሹ ቃል በሚበቃበት ቦታ ግን ትንሹን እንጠቀም። ደብዳቤውን የሚጠብቅ ባለጉዳይ በደጅ ቆሟል፤ እርሱ የሚፈልገው የቃላችንን ርዝመት ሳይሆን የጉዳዩን መልስ ነው።